የክንፍ ገበና

ለእናቴ ቤት ክዳን ያጠራቀምኩትን ብር ለአውሮፕላን ክንፍ እንዳዋልኩት ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ከመጀመሪያው ታውቅ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ዲክሲስ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከአሰላ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ጣውላ ማን ደጅ እንደወረደ ሳይመሽ ይታወቃል። እኔ ግን «አልጋና ቁም ሣጥን ታዝዣለሁ» ብዬ ዋሸሁ። ውሸቴ የታመነልኝ መስሎኝ ጣውላውን ከቤቷ ጀርባ ወዳለችው ዕቃ ቤት አስገባሁት።

ነገሩ የጀመረው በሰኔ 2007 ነው። አስመላሽ ዘፈሩ የሚባል ሰው በገዛ እጁ የሠራትን ትንሽ አውሮፕላን ለማስነሣት መሞከሩን ሰማሁ። ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ተምሮ፣ የቮልስ ሞተር ገጥሞ የሠራት ናት። ስሟን ኬ-570ኤ ብሏታል። «ኬ» ከእናቱ ከኪሮስ ስም የተወሰደች ናት፤ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀበት የቀን ብዛት። ያን ቀን አውሮፕላኗ ከመሬት አልተነሣችም፤ እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም።

እኔ ከዚያ ዜና የወሰድኩት የምፈልገውን ብቻ ነበር። እንደኔ ያለ ሰው አውሮፕላን ሠርቷል፤ ይኸው በቃኝ። የ570 ቀኑ ነገር በጆሮዬ አልገባም። መሞከርና አለመነሣት የሥራው አንድ ክፍል መሆኑም አልገባኝም። ያ ሰው ሥራውን በእናቱ ስም ሲጠራ እኔ የእናቴን ክዳን ለመንካት መነሣቴን ያስተዋልኩት ደግሞ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

እንጀራዬ እንጨት ነው። በር፣ መስኮት፣ ወንበር፣ የሳሎን ጠረጴዛ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ እንጨትን የማላውቅ አይመስለኝም ነበር። ጥፋቴ አብዛኛው የመነጨው ከዚህ ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ይጠይቅ ነበር።

ድርብ ክንፍ ያላትን አውሮፕላን የመረጥኩትም እጄን አምኜ ነው። የራይት ወንድማማቾች በ1903 እ.ኤ.አ. ያበረሯት አውሮፕላን ድርብ ክንፍ ነበረች፤ አጽሟ እንጨት፣ ልብሷ የጥጥ ጨርቅ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ከጅቡቲ ተነሥታ አዲስ አበባ ያረፈችው፣ በአገራችን የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ፖቴዝ 25ም እንዲሁ ድርብ ክንፍ ነበረች። የላይኛውና የታችኛው ክንፍ በቋሚ እንጨቶችና በሰያፍ በተወጠሩ ሽቦዎች ሲተሳሰሩ እንደ ድልድይ ይሆናሉ። ካፕሪያታ ለሠራ አናጢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለየብቻቸው ቀጫጭን የሆኑ እንጨቶች ተደጋግፈው ከባድ ጣሪያ ሲሸከሙ አይቷል። የድርብ ክንፍ ሥዕል ባየሁ ጊዜ «ይህንንማ እኔም እሠራዋለሁ» አልኩ።

ከአካሉም፣ ከሞተሩም፣ ከጎማውም በፊት በክንፍ ጀመርኩ። ምክንያቱን ዛሬ ልናገረው፤ ክንፍ ስለሚታይ ነው። ጎረቤት መጥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል «ክንፍ ነው» ማለት ፈለግሁ። ደግሞስ የት ነው የሚበርረው? ማን ይፈቅድልሃል? ወደ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሄደህ ጠይቀሃል? ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር መልስ አልነበረኝም። ጠያቂ እንዳይኖር ስለፈለግሁ ማንንም አላማከርኩም።

እንጨቱን ለመምረጥ አሰላ ሄድኩ። በእጄ የነበረው የአውሮፕላን አሠራር መጽሐፍ የሚያወድሰው ስፕሩስ የሚባለውን የፈረንጅ አገር እንጨት ነው፤ ቀላልና ጠንካራ፣ ጭረቱ እንደ ክር ቀጥ ያለ። ከኛ እንጨት ለእጄ የቀረበልኝ ዝግባ ነበር። ግን የተፈጥሮ ዝግባ፣ ጥድ፣ ኮሶና ዋንዛ እንዳይቆረጡ በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ መጠበቃቸውም ደግ ነው፣ የአርሲ ተራሮች ምን ያህል እንደተራቆቱ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ የፈረንጅ ጥድ ገዛሁ። የፈረንጅ ጥድ ክፉ እንጨት አይደለም፤ ነገር ግን አንጓ ይበዛበታል። መጽሐፉ የሚለው ግልጽ ነው፤ የእንጨቱ ጭረት ወደ ጎን ሲያዘነብል ከ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ እርጥበቱም ወደ 12 በመቶ መውረድ አለበት። እርጥበት ለማወቅ መሣሪያ እንኳ ባይኖር መንገድ አለ። ትንሽ ቁራጭ መዝኖ፣ ምድጃ ላይ እስኪደርቅ አቆይቶ፣ እንደገና መመዘን ነው። የጎረቤት ሱቅ ሚዛን አለው፣ እናቴ ምድጃ አላት። አንድ ከሰዓት የሚበቃው ሥራ ነበር። አላደረግሁትም። ጣውላውን በጣቴ አንኳኩቼ «ደርቋል» አልኩ።

የክንፉን ጎድኖች የሠራሁባቸው ወራት ግን በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ደስ የሚሉ ወራት ናቸው፤ ይህን በጥፋቴ ምክንያት ልክደው አልፈልግም። ጎድን ማለት ለክንፉ ቅርጹን የሚሰጠው ከፊት ጎብጦ ወደ ኋላ የሚሳለው ቀጭን አጽም ነው። ሰፊ ጣውላ ላይ ቅርጹን ስለህ፣ ዙሪያውን ትንንሽ እንጨት ቸንክረህ ፎርማ ታወጣለህ። ከእርሳስ ብዙም የማይወፍሩ ዘንጎችን በእንፋሎት አለስልሰህ በፎርማው ውስጥ ታጎብጣቸዋለህ፤ መገናኛቸው ላይ ከኮምፔንሳቶ የተቆረጠ ቁራጭ በኮላ ታጣብቃለህ። በማግስቱ ከፎርማው ስታወጣው በሁለት ጣት የሚነሣ፣ ነገር ግን ሲይዙት የማይላወስ ነገር ይሆናል። ግራና ቀኝ፣ ከላይና ከታች ለሚሆኑት አራት ክንፎች 44 ጎድን ያስፈልገኝ ነበር። ማታ ማታ፣ መብራት ሲጠፋ በፋኖስ፣ የዲክሲስ ብርድ ጣቴን እያደነዘዘው 44ቱንም ሠራሁ። ግድግዳው ላይ በተርታ ስሰቅላቸው የዓሣ አጥንት ይመስሉ ነበር።

እንጨት ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ቀን መጡ። «ጋሼ» ነው የምላቸው፤ እሳቸውም ፀጉሬ ሸብቶም «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ። ከግድግዳው አንዱን ጎድን አውርደው በብርሃን አዩት፣ በጥፍራቸው አንኳኩት።

«ስንቱን ሰበርከው?» አሉኝ።

«አንድም አልተሰበረብኝም» አልኳቸው፤ የሚያደንቁኝ መስሎኝ ነበር።

«እሱን አላልኩህም። አንተ ሆን ብለህ የሰበርከው ስንት ነው?»

ዝም አልኩ። እሳቸው ድሮ ትልልቅ ጣሪያ ሲሠሩ መጀመሪያ ሁለት ቁራጭ አጣብቀው በመዶሻ ይለያዩት ነበር። ሲለያይ እንጨቱ ተቀዶ ከወጣ ኮላው ይዟል ማለት ነው። በተጣበቀበት መስመር ልሙጥ ሆኖ ከተላቀቀ ግን ኮላውም፣ እንጨቱም፣ ሠራተኛውም አይታመኑም። «በምንድን ነው ያጣበቅከው?» ሲሉኝ ቪናቪል መሆኑን ነገርኳቸው። «ቪናቪል ለሳሎን ወንበር ነው፤ ውሃና ሸክም አይወድም» አሉ። ልባቸው ደግ ነው፣ ተቆጥተው አይደለም። እኔ ግን ውስጤ ተቀየመ። እኚህ ሰው አውሮፕላን የሚያውቁት በሰማይ ሲያልፍ ነው አልኩ በልቤ። እያንዳንዱ ጎድን ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል፤ የትኛውን ነው የምሰብረው?

ያሉት ግን በመጽሐፉም ውስጥ ነበር። እንደ ቪናቪል ያለ ነጭ ኮላ በማያቋርጥ ሸክም ሥር ቀስ እያለ ይሳባል፣ እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል። በዚህ ምክንያት የእንጨት አውሮፕላን ሠሪዎች እንደ ሬዞርሲኖልና ኤፖክሲ ያሉትን ይመርጣሉ። ጥንት ደግሞ ከወተት በሚወጣ ኬሲን በሚባል ኮላ ያጣብቁ ነበር፤ እሱም ለእርጥበት ይሸነፋል። በመጋቢት 1931 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካንሳስ አንዲት ፎከር የመንገደኞች አውሮፕላን ክንፏ አየር ላይ ተገንጥሎ የነበሩባት 8 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። ክንፉ የእንጨት ነበር፤ ውስጡ እርጥበት ገብቶ ኮላውን አዳክሞታል ተባለ። ከውጭ የሚታይ ምልክት አልነበረም። ይህን ታሪክ ሳነበው ገጹን ገልጬ አለፍኩ። የሌላ ሰው ክንፍ ነበረና።

ዋናውን ጥፋት ገና አልተናገርኩትም። ክንፉን ከዳር እስከ ዳር የሚይዙት ሁለት ወጋግራዎች ናቸው፤ ጎድኖቹ የሚሰኩት በነሱ ላይ ነው፣ ሸክሙን የሚሸከሙትም እነሱ ናቸው። ከታችኛው ግራ ክንፍ ወጋግራዎች አንዱ መሐሉ አካባቢ አንጓ ነበረበት። ቆርጬ አወጣሁትና ሁለቱን ቁራጭ በሰያፍ አጋጠምኳቸው። መጽሐፉ ሰያፉ ከእንጨቱ ውፍረት 12 እጥፍ ይርዘም ይላል። ወጋግራው 2 ሳንቲም ውፍረት ነበረው፤ 24 ሳንቲም መስጠት ነበረብኝ ማለት ነው። ያን ያህል ብቆርጥ እንጨቱ ያጥርብኛል፤ ሌላ ጣውላ ለመግዛት ደግሞ ብሩ አልቋል። 8 ሳንቲም ሰጠሁት። ሲጋጠምም ስንጥቅ ቀረበት። ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ ሞላሁትና በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። እጄን ሳሳልፍበት አይታወቅም። ያን ጊዜ ተነፈስኩ። እንዲጠነክር ሳይሆን እንዳይታወቅ መድከሜን ያን ዕለት ብጠየቅ አላምንም ነበር።

ቤት ያሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ልስኑ ገና ሳይደርቅ ቀለም ይቀባል፤ ስንጥቁ ይጠፋል፤ እንግዳ ይመጣል፣ ይመርቃል። ስንጥቁ ግን ከቀለሙ ሥር እዚያው ነው።

በሰኔ 2009 አቡጀዲ ገዝቼ ክንፉን አለበስኩት። ጨርቁን ጎትቼ፣ ዙሪያውን አጣብቄ፣ ቀለም ደራርቤ ስቀባው እንደ ከበሮ ተወጠረ። ያን ቀን የመጣውን ሰው ብዛት አልረሳውም። ልጆች በመስኮት ተንጠለጠሉ። አንዱ ፎቶ አነሣ፣ ሌላው አቀፈኝ። «አርሲ ሯጭ ብቻ አይደለም የሚያፈራው» አለኝ አንድ ጓደኛዬ፤ ለብዙ ቀን ይህን ቃል በልቤ ደጋገምኩት። ጋሼም መጥተው ነበር። ጨርቁን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ሳትሸፍነው ማን አየልህ?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም አላየልኝም። አልመለስኩላቸውም፤ እሳቸውም አልደገሙት።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በኛ አገር ቀልድ አያውቅም። የእናቴ ክዳን፣ ያ ሳይቀየር የቀረው አሮጌ ቆርቆሮ፣ እንደ ወትሮው አፈሰሰ። ዕቃ ቤቷ ደግሞ ከቤቷ ጋር በአንድ ክዳን ሥር ናት። ክንፎቹን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እያዛወርኩ፣ ላስቲክ እያለበስኩ ከረምኩ። ውሃው ግን በላስቲኩ ጠርዝ እየገባ፣ በጨርቁ ስፌት እየሰረገ፣ ያ 8 ሳንቲም መጋጠሚያ ያለበት ቦታ ላይ ሲጠራቀም ከርሟል። ይህን የማውቀው ዛሬ ነው፤ ያኔ ጨርቁ ሸፍኖታል።

ስንዴ ታጭዶ ተወቅቶ ሲገባ፣ በጥር 2010፣ ሙከራ ለማድረግ ተነሣሁ። ክንፍ የሚፈተነው ተገልብጦ ነው። በበረራ ላይ አየር ወደ ላይ ስለሚያነሣው፣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርገህ ሸክም ትጭንበታለህ። በሌላ አገር አሸዋ በከረጢት ይጠቀማሉ፤ በኛ ቤት የነበረው ስንዴ ነው። አውሮፕላኗ ከነነጂዋ 4 ኩንታል ገደማ እንድትሆን አስቤ ነበር። ክንፎቹ አራት በመሆናቸው በቀጥታ በረራ የእያንዳንዱ ድርሻ 1 ኩንታል ነው። ስትታጠፍና ነፋስ ሲመታት ግን ሸክሙ ይበዛል፤ የተለመደው የንድፍ ልክ ከክብደቷ 3.8 እጥፍ ነው። አንዱ ክንፍ ወደ 4 ኩንታል መሸከም ነበረበት ማለት ነው። የታችኛውን ግራ ክንፍ በካቫሌቶ ላይ አሰርኩት። ስንዴውን በትንንሽ ከረጢት እየከፈልን፣ ከሥሩ ጀምረን ወደ ጫፉ እያሳሳን ደረደርነው። የመጀመሪያውን ኩንታል ቻለ። ጎረቤቶች አጨበጨቡ። ሁለተኛው ኩንታል ተጭኖ ሳያልቅ አንድ ድምፅ ሰማሁ። የእንጨት ስብራት ድምፅ አልነበረም፤ እንጨት ሲሰበር ይጮኻል። ይህ ግን ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ዝግ ያለ ድምፅ ነበር። ክንፉ በመሐሉ ታጠፈ፣ ከረጢቶቹ ወደቁ፣ ስንዴው ግቢው ውስጥ ተበተነ።

ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። እናቴ ወንፊትና ቁና ይዛ መጣችና ተንበርክካ ስንዴውን ትሰበስብ ጀመር። አጠገቧ ተንበረከክሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የክዳኑን ብር ምን እንዳደረግሁት የነገርኳት እዚያው ነው፣ ከአፈር ላይ ስንዴ እየለቀምኩ።

«ጣውላው የመጣ ቀን ነው ያወቅሁት» አለች። ቀና እንኳ አላለችም። «አንድ ቀን ትነግረኛለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

በማግስቱ ጨርቁን በቢላ ቀደድኩት። መጋጠሚያው ልሙጥ ሆኖ ነው የተላቀቀው፤ አንዲት የእንጨት ጭረት አልተቀደደችም። ሰጋቱራው እንደ እርጥብ ቡላ በጣቴ ተዛቀ። ከ11ዱ ጎድኖች ሰባቱ በእጄ ጎተት ሳደርጋቸው ከኮምፔንሳቷቸው ተላቀቁ። ጨርቅ ባይለብስ ኖሮ ይህን ሁሉ በነሐሴ አየው ነበር።

እኛ ገበና ሸፋኝ ሆነን ነው ያደግነው። የጎረቤትን ነውር የሚሸፍን ሰው ይመረቃል፤ ሲገባውም ነው። እኔ ግን ይህን የሰው ለሰው ደግነት ወስጄ ለእንጨት አዋልኩት። የእናቴን ብር ሸፈንኩ፣ የመጋጠሚያውን ስንጥቅ ሸፈንኩ፣ አለማወቄን ሸፈንኩ፤ ሦስቱም በአንድ ክንፍ ውስጥ ተኝተው ነበር። በቤት የሚሠሩ አውሮፕላኖች በበዙበት በአሜሪካ ብዙ ሠሪዎች ክንፋቸውን ጨርቅ ከማልበሳቸው በፊት ልምድ ያለው ሰው ጠርተው ውስጡን ያሳያሉ። እዚያ ገበናው የሚገለጠው ገና ሊታረም ሲችል ነው። ጋሼ ሁለት ጊዜ የጠየቁኝም ይህንኑ ነበር።

ክንፉን ከከፈትኩ በኋላ ደብተሬንም ከፈትኩ። ስሌቴ ሁሉ በባሕር ጠለል አየር ለተሠራ ንድፍ የተጻፈ ነበር። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዲክሲስም ደጋ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ አንድ አምስተኛ ይሳሳል። ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ፍጥነቱን ከስምንት እጅ አንድ ያህል መጨመር አለበት፤ ሞተሩ ደግሞ አየር ስለሚያንሰው ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት ያልኩት እዚህ 30 ነው። ከአሰላና ከበቆጂ የወጡት ሯጮች ሳንባቸውን ያጠነከሩበት ቀጭን አየር መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ለክንፌ ግን አንድ ቀን አላሰብኩትም። ያ ክንፍ ስንዴውን ቢሸከም ኖሮ እኔ አውሮፕላኗ ውስጥ እገባ ነበር፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ሌሊት እነቃለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት በርና መስኮት ሠርቼ ባገኘሁት ብር የእናቴን ክዳን ቀየርኩ። የቀሩትን ሦስት ክንፎች ጋሼና እኔ አንድ በአንድ ሰባበርናቸው፤ ለማገዶ ሳይሆን ለማየት። የተላቀቀውን በአንድ ወገን፣ የተቀደደውን በአንድ ወገን እያስቀመጥን፣ ቪናቪሉ የት እንደያዘ የት እንደከዳ ጻፍን። አንዳንዱ በደንብ ይዞ ነበር፤ በደረቅ ወራት የሠራሁት ነው።

ጥር 21 ቀን 2016 ጣልያን «ፀሐይ»ን ለኢትዮጵያ ስትመልስ ከጋሼ ጋር ሆነን በቴሌቪዥን አየን። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በታኅሣሥ 1928 የበረረች፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች አውሮፕላን ናት። በወረራው ጊዜ ተወስዳ ከ80 ዓመት በላይ ሰው አገር ኖራለች። ጋሼ ዓይናቸው ደክሟል፤ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። «እነዚያ ሰዎች ስንት ጎድን ሰብረው ይሆን ያበረሯት?» አሉ።

አሁን ዕቃ ቤቷ መደርደሪያ ላይ ቀን የተጻፈባቸው ብዙ ስባሪዎች ተደርድረዋል። የማጣብቀው ከአዲስ አበባ በሰው ባስመጣሁት ኤፖክሲ ነው፤ እንጨቱን ሳልመዝን፣ ሳላደርቅ፣ እንደገና ሳልመዝን አልነካውም። ካለፈው መስከረም ወዲህ የሰበርኳቸው ሁሉ እንጨቱን ቀደው ነው የወጡት። አዲሱ ክንፍ ሁለት ወጋግራና ስምንት ጎድን ደርሷል፤ አጽሙ እንደቆመ በሩን ክፍት እተዋለሁ። ልጆች ይነካኩታል፣ ጎረቤት ይጠይቀኛል፣ እናቴም ገብታ አንዱን ጎድን ጎተት አድርጋ ትሄዳለች። ጨርቁ ገና አልተገዛም።